ጭስ፣ ውኃና አቧራ የሠራሁበት ዘመን

ሥራ ካቆምኩ ጥቂት ወራት ሆነኝ። ጠዋት ጠዋት ረሆቮት ውስጥ ኦሺዮት በሚባለው ሰፈር ካለው ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሰው ወደ አውቶቡስ ሲሮጥ አያለሁ። እኔ ግን የምሮጥበት የለኝም። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። እውነቱን ለመናገር ደስታም ኀዘንም አይደለም የሚሰማኝ፤ ድካም ነው። ዓይኔ ደርቆ ጠብታ ካላደረግሁበት ይቆጠቁጠኛል። የቀኝ እጄ አንጓ ድስት ማንሳት አይወድም። ሰው "ምን ስትሠሪ ኖርሽ?" ሲለኝ ማስረዳቱ ራሱ ይደክመኛል። "ማሕሼቭ ላይ" እላለሁ፣ ኮምፒዩተር ማለቴ ነው፤ እነሱም የጸሐፊነት ሥራ ይመስላቸዋል። ይምሰላቸው።

የእኔ ሥራ ጭስ ነበር። ጭስ፣ ውኃ፣ እሳት፣ ዝናብ፣ አቧራ። በካርቱን ፊልም ውስጥ ሰዎቹንና እንስሳቱን የሚያንቀሳቅሱ ሌሎች ናቸው። ከድስቱ የሚወጣው እንፋሎት፣ ፈረሱ ሲጋልብ ከኮቴው ሥር የሚነሳው ትቢያ፣ ልጁ ሲያለቅስ ጉንጩ ላይ የሚወርደው እንባ የእኔ ድርሻ ነበር። ተመልካች እነዚህን ልብ አይላቸውም። ልብ የሚላቸው ሲበላሹ ብቻ ነው።

ከመጨረሻዎቹ ዓመታት ብዙ የማወራው የለኝም። ከረሆቮት ባቡር ጣቢያ እሳፈርና ቴል አቪቭ ገብቼ፣ ለለስላሳ መጠጥ ማስታወቂያ አረፋ ስሠራ ውዬ፣ አመሻሽ ላይ መቀመጫ አጥቼ ቆሜ እመለስ ነበር። አንዱ ስቱዲዮ ሲዘጋ ወደ ሌላው ሄድኩ። አለቆቼ እያደር ልጆች ሆኑ። ፕሮግራሙ በየጊዜው ይለወጣል፣ እኔም እንደ አዲስ ስማር እገኛለሁ። ደመወዙ ልጆቼን አሳደገልኝ፣ ሌላ ነገር አልጠየቅሁትም። ማውራት የምፈልገው ሥራውን ስለተማርኩበት ስለመጀመሪያው ስቱዲዮና እዚያ ስላጋጠመኝ ነገር ነው።

ከጎንደር ገጠር ተነስተን በሱዳን በኩል ስንመጣ እኔ ሃያ ዓመት ቢሆነኝ ነው። አባቴ፣ እኔና ሁለት ታናናሾቼ ደረስን። እናታችን መንገድ ላይ ቀረች። ስለዚያ ቀን በቤታችን አይወራም። አባቴ አንድ ጊዜ "በደንብ ቀብረናታል" አሉ። እኛም አልጠየቅንም።

ረሆቮት ከገባን በኋላ መጀመሪያ ብርቱካን ማሸጊያ ውስጥ ሠራሁ። ቀጥሎ ሳህንና ስኒ ላይ አበባ የሚሳልበት ትንሽ ፋብሪካ ቀጠረኝና እጄ ብሩሽ ለመደ። ሁለት ሺዎቹ በገቡ ሰሞን እሱም ተዘጋ። ሊሽካ በምንለው የሥራ አገናኝ ቢሮ የምትሠራው ሴትዮ፣

"መሳል ትችያለሽ?" አለችኝ።

"አበባ እችላለሁ" አልኳት።

"ቤሰደር፣ እሺ፣ አበባም ሥዕል ነው" ብላ የኮምፒዩተር አኒሜሽን ኮርስ ላይ መዘገበችኝ።

አብረውኝ የተቀመጡት ከወታደርነት ገና የወጡ ልጆች ናቸው። እኔ የሦስት ልጆች እናት። የመጀመሪያውን ሳምንት ማውሱ ከጠረጴዛ ሲወድቅብኝ፣ እነሱም ጎንበስ ብለው ሲያነሱልኝ አለፈ። ዕብራይስጡ ይከብደኛል፣ ፕሮግራሙ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። ብዙ ቀን አልመለስም እያልኩ ወጥቻለሁ።

መምህሩ ስለ ጭስ ያስተማረን ቀን ግን አንድ ነገር ገባኝ። ጭስ በኮምፒዩተር እንደ አበባ አይሳልም። እልፍ ቅንጣቶች ትፈጥሪና ሕግ ትሰጫቸዋለሽ፦ የት እንደሚወለዱ፣ ወዴት እንደሚነፍሱ፣ ዕድሜያቸው ምን ያህል እንደሆነ፣ ሲያረጁ እንዴት እንደሚሳሱ፣ መቼ እንደሚሞቱ። ከዚያ ትለቂያቸዋለሽ። በመንገዳቸው ልታርሚያቸው አትችይም። ያልተስማማሽ እንደሆነ መልሰሽ ሕጉን ታስተካክያለሽ፣ እንደገና ትለቂያለሽ። ያን ቀን ልጆቹ ሁሉ ለሻይ ሲወጡ እኔ ከወንበሬ አልተነሳሁም።

ኮርሱን ስጨርስ ከባቡር ጣቢያው ብዙም የማይርቅ አንድ ትንሽ ስቱዲዮ ቀጠረኝ። ለሕፃናት ቴሌቪዥን የካርቱን ተከታታይ ይሠራሉ። ባለቤቱ ጋዲ ይባላል። ደግ ሰው ነው፤ ጣሪያው ቢያፈስም፣ መብራት ቢጠፋም፣ ሥራ ቢዘገይም መልሱ አንድ ነው፤ "ዪህዬ ቤሰደር" ይላል፣ ይስተካከላል እንደማለት። እኔን ወስዶ ጥግ ላይ ከአንድ ሽማግሌ አጠገብ አስቀመጠኝ። "አርካዲ ያስተምርሻል" ብሎኝ ሄደ።

አርካዲ ከሶቭየት የመጡ ሰው ናቸው። አገራቸው ሳሉ ዕድሜያቸውን በሙሉ በእርሳስ ማዕበልና እሳት ሲስሉ ኖረዋል። ዕብራይስጣቸው ከእኔ የባሰ ስለነበር እርስ በርሳችን ያለ ሐፍረት እንግባባ ነበር። በዕብራይስጥ አንቱታ የለም። ቢሆንም እኔ በልቤ አንድም ቀን አንተ ብያቸው አላውቅም።

ልማዳቸው ብዙ ነው። ጠዋት ሲገቡ ኮምፒዩተር አይከፍቱም። ማንቆርቆሪያውን ይጥዱና ክዳኑን አንስተው ውኃው ሲፈላ ቆመው ያያሉ። የሱፍ ፍሬ እየቆረጠሙ ገለባውን ሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ይከታሉ፤ ስለዚህ ሲራመዱ ይንኮሻኮሻሉ። የተሠራ ነገር ስታሳዪያቸው ወንበርሽ አጠገብ አይቆሙም፤ በሩ ድረስ ይሄዱና ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ያያሉ። ከዚያ ይመጡና ግማሹን በመዳፋቸው ሸፍነው እንደገና ያያሉ። "ቆንጆ ነው" የሚል ቃል ከአፋቸው አልሰማሁም።

የመጀመሪያ ሥራዬ የአንዲት ድብ ሾርባ ነበር። ድቧ ድስቱን ስትከፍት እንፋሎት ይወጣል፤ በቃ። ሁለት ቀን ለፍቼ አሳየኋቸው። በሩ ጋ ቆመው አዩ።

"የሺ፣ ይሄ ሾርባ ነው ወይስ ባቡር?"

"ሾርባ ነው።"

"ታዲያ ለምን ይቸኩላል? ክብደቱስ የት አለ?"

"እንፋሎት ክብደት አለው እንዴ?"

እጄን ይዘው ወደ ማንቆርቆሪያው ወሰዱኝ። "ተመልከቺ፤ ከአፉ ሲወጣ ይገፋል። እዚህ ላይ ሲደርስ ይደክመዋል። እዚህ ደግሞ ልውጣ ወይስ ልቅር እያለ ያመነታል። ከዚያ ነው የሚጠፋው። አንቺ ማመንታቱን ረስተሽዋል።" ወረቀትና እርሳስ ሰጡኝና እንፋሎቱን እስክስለው ድረስ ኮምፒዩተሩን እንዳልነካ ከለከሉኝ። ጋዲ በአጠገባችን ሲያልፍ አይቶን መንገዱን ቀጠለ።

በዚህ ዓይነት ዓመታት አለፉ። ዝናብ ብቻውን እንደማይታይ፣ የሚታየው ከኋላው ጨለም ያለ ነገር ሲኖር እንደሆነ ተማርኩ። እሳት ከሥሩ ሲነሳ ፈጣን፣ ጫፉ ላይ ሰነፍ እንደሆነ ተማርኩ። ውኃን ግን እስካሁንም አልወደውም፤ አንገሽግሾኛል። ቤት ስገባ ልጆቼ ያወሩኛል፣ እኔ ከድስቱ ላይ ዓይኔን አላነሳም። ባለቤቴ "አሁን ምግብ ነው የምትሠሪው ወይስ ሥራሽን?" ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ጋዲ ሚካል የምትባል ወጣት ዳይሬክተር ይዞ መጣ። የእኛን ሰዎች የሱዳን ጉዞ ለትምህርት ቤት ልጆች የሚያሳይ አጭር የካርቱን ፊልም ልትሠራ ነው። መሐል ላይ አንድ ቤተሰብ በአቧራ ነፋስ ውስጥ ሲጓዝ የሚታይበት ክፍል አለ።

"አንቺ እዚያ ነበርሽ አሉኝ" አለችኝ ሚካል ፈራ ተባ እያለች። "ካልከበደሽ አቧራውን አንቺ ብትሠሪው?"

እሺ አልኳት። ግን እኔ ነፋሱን አላየሁትም። አባቴ ታናናሾቼን አቅፌ መሬት እንድቀመጥ አዝዘው ጋቢ ጣሉብንና "ቀና እንዳትሉ" አሉን። እኛም ቀና አላልንም። ጋቢው ሲነሳ እናታችን አልነበረችም።

ስለዚህ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ያኔ ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት፣ ከእኛ ቤት በእግር በሚደረስበት። አትክልታቸውን ውኃ ሲያጠጡ አገኘኋቸው።

"አባባ፣ ለሥራዬ ነው። ያ አቧራ እንዴት እንደነበረ ይንገሩኝ።"

ቱቦውን ይዘው ቆሙ። ውኃው እግራቸው ላይ ይፈሳል።

"ለምንሽ ነው?"

"ፊልም ላይ ልሠራው ነው። ልጆች እንዲያዩት።"

"ልጆች ያዩታል?"

"አዎ፣ ትምህርት ቤት ሁሉ።"

ቧንቧውን ዘጉና ከደረጃው ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ነገሩኝ። "መጀመሪያ ግድግዳ ነው የሚመስለው። ሩቅ ነው ስትይ አጠገብሽ ነው። ከላይ ቡናማ ነው፣ ከሥር ግን እባብ እባብ እየሆነ መሬት ለመሬት ይሳባል፤ እግርሽን የሚይዝሽ ያ ነው።" እናቴ ቀድሞውንም ታማ እንደነበር፣ ነፋሱ ሳይቆም እንዳረፈች፣ ከሁለት ሰዎች ጋር በእጃቸው ምሰው እንደቀበሯት ነገሩኝ። የሚከመር ድንጋይ አልነበረም። ሱዳን የስደተኞች መጠለያው ከደረስን በኋላ ቦታውን ሊፈልጉ ተመልሰው ነበር። "መሬቱ ልሙጥ ሆኗል። ይሄ ነው የምለው ቦታ አጣሁ። ወዲያ ብዬ አለቀስኩ፣ ወዲህ ብዬ አለቀስኩ። በደንብ ቀብረናታል ያልኳችሁ ምን ልበላችሁ ብዬ ነው፣ ልጄ።"

አባቴ ይህን ለማንም ተናግረው አያውቁም ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ አቧራውን እንደ ሥራ መያዝ አልቻልኩም። ግድግዳውን፣ ቡናማውን፣ የሚሳበውን፣ ሁሉንም አንድ ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር በቅንጣት ልሠራው ተነሳሁ። አርካዲ አስጠንቅቀውኝ ነበር። "የሩቁን በቀለም ሳዪው፣ የቅርቡን ብቻ በቅንጣት ሥሪ። ዓይን የሚያምነው የቅርቡን ነው" አሉኝ። እኔ ግን ሙሉውን ፈለግሁ። ኮምፒዩተሮቹ ያን ሁሉ መሸከም አቃታቸው። አንዱን ሥዕል ለማውጣት ቀኑን ሙሉ ያምጣሉ፤ ሲያወጡትም አንዱ ላይ አቧራው አለ፣ ቀጥሎ ያለው ላይ ጠፍቷል። ሲታይ ብልጭ ድርግም ይላል። አስተካክዬ እለቃለሁ፣ ደግሞ ይቆማል። በዚህ መሐል ሚካል የካሜራውን ቦታ ለወጠችና የለፋሁበት ሁሉ ከጎን የሚታይ ሆኖ ከንቱ ቀረ። እንደገና ጀመርኩ። ክብደቴ ቀነሰ፣ ልጆቼን ተቆጣኋቸው፣ ዓይኔም መድረቅ የጀመረው ያኔ ነው።

ማስረከቢያው ቀን ደረሰ። ጋዲ መጥቶ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ያን ጊዜ "ዪህዬ ቤሰደር" አላለም።

"የሺ፣ አልደረሰም" አለ።

"ትንሽ ቀን ስጠኝ።"

"የለኝም። እናወጣዋለን።"

አወጡት። በምትኩ ቢጫ ሰማይ የተሳለበት አንድ የማይንቀሳቀስ ሥዕል ገባ።

ፊልሙ መጀመሪያ የታየው ረሆቮት በሚገኘው የማኅበረሰብ አዳራሽ፣ ማትናስ በምንለው ነው። ለአባቴ መንገር ነበረብኝ፤ ሁለት ጊዜ ስልክ አንስቼ ሁለት ጊዜ መለስኩት። እሳቸው ጓደኞቻቸውን ሰብስበው፣ ኮት ለብሰው፣ ከፊት ረድፍ ተቀምጠዋል። "የልጄ ሥራ ነው። ነፋሱን አሁን ታያላችሁ" ሲሉ ከኋላቸው ሰማሁ።

ቢጫው ሥዕል መጣ። አንድ ድምፅ "መንገዱ አስቸጋሪ ነበር" አለ። ወዲያው መጠለያው ታየ። አባቴ ወንበራቸው ላይ ዞረው ፈለጉኝ። ሰዉ አጨበጨበ፣ ሚካልም አለቀሰች፤ ፊልሙ በእርግጥ ጥሩ ነበር።

ውጭ ስንወጣ "ነፋሱስ?" አሉኝ።

"አልደረሰም፣ አባባ።"

"እህ።"

አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሸኘኋቸው። አውቶቡሱ ሲመጣ እጀታውን ይዘው አንድ እግራቸውን ካስገቡ በኋላ ዞር አሉ። "እኔ የነገርኩሽ ለዚያ ነበር እኮ" አሉኝና ገቡ።

በነጋታው ሥራ መልቀቄን ልነግር ነው የሄድኩት። አርካዲ ማንቆርቆሪያውን ጥደው ቆመዋል። ፊቴን አዩት። "ድቧ ዛሬ ልብስ ታጥባለች፣ የሳሙና አረፋ ያስፈልጋታል" አሉኝ። ተቀመጥኩና አረፋ ሠራሁ። ምን ላድርግ፣ ሰው በዚህም ይኖራል። ከአባቴ ጋር በሰንበት እንገናኛለን፣ ስለ ጤናና ስለ ልጆች እናወራለን፤ ያንን ነገር ግን ሁለታችንም አልነካነውም።

ዓመት ገደማ ቆይቶ ተከታታዩ ተቋረጠና ጋዲ ስቱዲዮውን ሊዘጋ ሆነ። አንዱ ከአንዱ እየተሰናበተ ሄደ፤ እኔና አርካዲ የቀሩትን ሥራዎች ለመጨረስ ቆየን። ኮምፒዩተሮቹ ገዢ እስኪወስዳቸው ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አርካዲ፣ "ያን አቧራ አምጪው" አሉኝ።

"ምን ያደርጋል? ፊልሙ አልቋል።"

"ፊልሙ አልቋል። አቧራው አላለቀም።"

በዚህ ጊዜ እንደነገሩኝ ሠራሁ። የሩቁን ግድግዳ በብሩሽ ሳልኩት፤ ሳህን ላይ አበባ የሳልኩባቸው ዓመታት ያኔ ጠቀሙኝ። መሐሉን በጥቂት ቅንጣት አለበስኩት። መሬት ለመሬት የሚሳበውን አርካዲ በእርሳስ፣ ሥዕል በሥዕል ሳሉት። አባቴ ያሉኝን በተሰበረ ዕብራይስጥ እነግራቸዋለሁ፦ እባብ እባብ እየሆነ፣ እግር የሚይዝ። እጃቸው አርጅቷል፤ መስመሩ ላይ ግን አይታይም። አንዱን በአንዱ ላይ ደራርበን ስንለቀው አርካዲ በሩ ጋ ሄደው ቆሙ። ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። ተመልሰው መጥተው ተቀመጡ፤ መዳፋቸውን አላነሱም።

"አባትሽን አምጪያቸው" አሉኝ።

አባቴ አልመጣም አሉ። "ምን ላደርግ? አየሁት እኮ፣ ቢጫ ሰማይ" አሉኝ። ለመንኳቸው። በመጨረሻ ኮታቸውን ለብሰው መጡ። አርካዲ ወንበር አቀረቡላቸው። ሁለቱ የሚግባቡበት ቋንቋ ስለሌላቸው በሁለት እጅ ተጨባበጡና ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ለቀቅሁት። አጭር ነው፤ ሰው ትንፋሹን ይዞ ሊያየው የሚችል።

"ድገሚው" አሉ አባቴ።

ደገምኩት። ጎንበስ ብለው ወደ ኮምፒዩተሩ መስኮት ቀረቡ፣ አፍንጫቸው ሊነካው ደረሰ።

"አቁሚው።"

አቆምኩት። አባቴ እጃቸውን ዘርግተው ከግድግዳው ሥር፣ ወደ ግራ ገባ ብሎ፣ የሚሳበው አቧራ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

"እዚህ ጋ ነው። እዚህ ነው ያስቀመጥናት።"

እዚያ ቦታ ላይ ለይቼ ያስቀመጥኩት ነገር አልነበረም። አርካዲ አማርኛ አያውቁም፤ ግን ቆባቸውን አውልቀው ተነሡ።

ስቱዲዮው በዚያው ወር ተዘጋ። አርካዲም ብዙ አልቆዩም፤ ልጃቸው ደውላ መርዶውን ነገረችኝ። እኔ በባቡር ወደ ቴል አቪቭ መመላለሱን ጀመርኩ።

አቧራውን ዲስክ ላይ ገልብጬ ቤት አስቀምጬው ነበር። በሱዳን መንገድ የቀሩት በሚታሰቡበት ቀን የእኛ ሰዎች ወደ ኢየሩሳሌም ይወጣሉ። አባቴ ግን ከዚያ ወዲህ በዚያ ቀን ኮታቸውን ለብሰው የእኔን በር ማንኳኳት ጀመሩ። "ያላ፣ በይ ተነሺ፣ እናትሽን እንያት" ይሉኛል። አጠገባቸው ተቀምጬ እለቅላቸዋለሁ፣ አቁሚው ሲሉኝ አቆማለሁ።

ከመሞታቸው በፊት በነበረው ዓመት ሲመጡ በጣም ደክመው ነበር፤ ደረጃውን ደግፌ አወጣኋቸው። ከፈትኩላቸውና እንደ ወትሮው ልቀመጥ ስል እጄን ያዙኝ።

"ተይው፣ አብርተሽው ሂጂ። እኔ ትንሽ አብሬያት ልቀመጥ።"

በሩን ገርበብ አድርጌ ወጥ ቤት ገባሁ። ሰው ያወራ መሰለኝና ጆሮዬን ሰጠሁ። አባቴ ናቸው። ቀስ ብለው፣ እንደ ጎረቤት ጨዋታ፣ የልጅ ልጆቿን ስም በየተራ እየጠሩ የትኛው የማን እንደሆነና ማን እሷን እንደሚመስል ይነግሯት ነበር።